«ቤቴ ገዳም ሆነልኝ»

ሰሞኑን ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ቡና ይዘን ተቀምጠናል። አንድ ወጣት ስለ አዲሱ የኪራይ ቤቱ ሲያወራ «ቤቴ ገዳም ሆነልኝ፤ ኮሽታ የለም» አለ። ሁሉም በጄ አሉት። እኔን ግን ከነከነኝ። ገዳማት ያሉባት ዘጌ እኮ ማዶ ሆና ትታያለች።

ገዳም ያደረ ሰው እንዲህ አይልም። ሌሊቱ ደወልና ማኅሌት ነው። ሲነጋ ደግሞ እንጨት ይፈለጣል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እህል ይፈጫል።

ቃሉ በግእዝ ዱር ማለት ነው፤ ሰው ያልሰፈረበት፣ ሞፈር ያልነካው ምድር። ወንጌል መጥምቁ ዮሐንስን «ቃለ ዓዋዲ ዘይሰብክ በገዳም» ሲለው፣ ዮሐንስ የቆመው በረሃ ነው እንጂ መነኮሳት መሐል አይደለም። ደብርም እንዲሁ ተራራ ማለት ነው። ስሙ አስቀድሞ የምድሩ ነበር፤ መነኮሳቱ ዱሩን ፍለጋ ሲገቡ ስሙ እነሱንም አገኛቸው።

ይህን ትርጉም ያቆየልን መጽሐፍ ብቻ አይመስለኝም። የጎጃም ገበሬም ነው እላለሁ። እሱ እስከ ገደል አፋፍ ድረስ ያርሳል። የማይነካው ያንን ጥድና ወይራ የከበበውን ቦታ ብቻ ነው። ለገበሬ ገዳም ማለት በሬ የማይጠመድበት ማለት ነው። ዘጌን ተመልከቱ። አይታረስም፣ ከብትም አይረባም፤ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን ነው ይላሉ። ሰዉ የኖረው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ሦስቱም ከጻድቁ በትር በቀሉ የሚል ትውፊት አላቸው። ገዳም የሚለውን ቃል ዘጌን ያህል የሚፈታልኝ የለም።

ልጅ ሳለሁ፣ በፍልሰታ ጾም፣ አያቴ ለገዳም ሽምብራ ይዛ ስትሄድ ተከተልኳት። ደኑ ጫፍ ስንደርስ ጫማዋን አወለቀች። ቡሄ ደርሷል፤ የኔ ሐሳብ ጅራፍ ላይ ነው። ለእጀታ የምትሆን ቀጥ ያለች የወይራ ቅርንጫፍ አየሁና ቀጭ አደረግኋት።

«አንተ ልጅ! የገዳም ናት እኮ! መልስ!»

የተሰበረ እንዴት ይመለሳል? ግንዱ ሥር አስቀመጥኳት። አያቴ እዚያው ተንበረከከች። «ልጅ ነው፣ እመቤቴ ማሪልኝ» አለች። ስንመለስም ቅርንጫፏ እዚያው ነበረች፤ ለማገዶ እንኳ ያነሳት የለም።

ታዲያ ጎረቤት ስለማይጮህ ብቻ ኮንዶሚኒየም ገዳም ይባላል? አሁን አሁን የእንግዳ ማረፊያውም፣ ካፌውም፣ ስልክ የጠፋበት ቅዳሜም ገዳም ሆኗል። ቃል እኮ አልቸገረንም። ድምፅ ሲጠፋ ጭር አለ እንላለን። ሰው ሲጎድል ኦና ሆነ እንላለን። የዚያ ወጣት ቤት ጭር ያለ ቤት ነው፤ ደስ ይበለው። ገዳሙን ግን ለወይራው ይተውለት።