ዩኤምኤል፦ ከኮድ በፊት የሚሳለው

ዩኤምኤል የሶፍትዌር ንድፍ በሥዕል የሚነገርበት ቋንቋ ነው። ስሙን በአማርኛ «የተዋሃደ የሞዴል ቋንቋ» ልንለው እንችላለን። ፊደሎቹ ሳጥን፣ መስመርና ቀስት ናቸው። ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሶፍትዌር ምህንድስና ወይም ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የተማረ ሰው ሳይነካካው አይመረቅም። በአማርኛ ግን ስለሱ የተጻፈ ብዙም አይገኝም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ፕሮግራምን መረጃና ሥራን አንድ ላይ ከያዙ አካላት (ኦብጀክቶች) የሚገነባው፣ ኦብጀክት ኦሪየንትድ የሚባለው አሠራር በ1960ዎቹ ኖርዌይ ውስጥ ሲሙላ ከተባለ የፕሮግራም ቋንቋ ጋር ተወለደ። ሥዕሉ ዘግይቶ መጣ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ግን በዛ፤ ከ50 በላይ የአሳሳል ዘዴዎች እንደነበሩ ይነገራል። አንዱ የሳለውን ሌላው ማንበብ አይችልም ነበር። ያን ዘመን «የዘዴዎች ጦርነት» ይሉታል።

ከተፎካካሪዎቹ ሦስቱ ገነው ወጡ። ግሬዲ ቡች ራሽናል በሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ይሠራ ነበር፤ ክላስን (የአንድ ዓይነት ኦብጀክቶችን የጋራ ንድፍ) የሚስለው በተቆራረጠ መስመር እንደተከበበ ደመና አድርጎ ነው። ጄምስ ራምቦ የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሰው ነው፤ የሱ ክላስ ሳጥን ነበር። ስዊድናዊው ኢቫር ያኮብሰን ከኤሪክሰን የቴሌኮም ሥራ ዩዝ ኬዝን፣ ማለትም ተጠቃሚው በሲስተሙ ምን እንደሚሠራ የሚያሳየውን ዘዴ፣ ይዞ መጣ። በ1994 ራምቦ ራሽናል ገባና ከቡች ጋር ዘዴያቸውን ማዋሃድ ጀመሩ። በጥቅምት 1995 የመጀመሪያውን ረቂቅ 0.8 ብለው አወጡ። በዚያው ሰሞን ራሽናል የያኮብሰንን ኩባንያ ስለገዛ ሦስተኛው ሰው ተጨመረ። በ1996 ረቂቁ 0.9 ደረሰ፤ ዩኤምኤል የሚለውን ስምም ያዘ። በጥር 1997 ስሪት 1.0 ኦኤምጂ ለተባለው የደረጃ አውጪ ማኅበር ቀረበ። በኅዳር 1.1 ጸደቀ።

በውህደቱ ደመናው ወደቀ፣ ሳጥኑ አሸነፈ። በእጁ ደመና ለመሳል የሞከረ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። አባቱ ማነው ለሚለው ሦስቱም እኩል ናቸው ማለት ተለምዷል። ለተማሪ ትልቁን ውለታ የዋለው ግን ያኮብሰን ነው። ዩዝ ኬዝ ባይኖር ኮድ ያልነካ ሰው ከየት እንደሚጀምር ግራ ይገባው ነበር። አንድ ነገር ከሁኔታ ወደ ሁኔታ እንዴት እንደሚሸጋገር የሚያሳየው ሥዕል፣ የስቴት ዳያግራሙ፣ ደግሞ ከሦስቱም ውጭ፣ እስራኤላዊው ዴቪድ ሃሬል በ1987 ካሳተመው ሥራ የመጣ ነው።

ስሪት 2.0 በ2005 ወጣ፤ 2.5.1 በ2017 ተከተለ። የዳያግራሙ ዓይነት 14 ደርሷል።

ተማሪ አስራ አራቱን አይማርም። ክፍል ውስጥ የሚደጋገሙት ዩዝ ኬዝ፣ ክላስ፣ ሲኩዌንስ (የመልእክት ልውውጥ ቅደም ተከተል)፣ አክቲቪቲ (የሥራ ፍሰት) እና ስቴት ናቸው። ከነዚህ ውስጥም ከባዱ ክላስ ዳያግራም ነው። ሳጥኑ ሦስት ክፍል አለው፦ ከላይ ስሙ፣ መሐል ላይ የሚይዘው መረጃ፣ ከታች የሚሠራው ሥራ። አሳሳሉን በአንድ ቀን መልመድ ይቻላል። ችግሩ ምን ሳጥን እንደሚሆን መወሰን ነው።

ዕቁብን እንውሰድ። ጀማሪ «ዕቁብ» እና «አባል» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ይስልና መስመር ያገናኛቸዋል። ጫፉ ላይ ስንት ለስንት እንደሆነ መጻፍ ሲደርስበት ነው ነገሩ የሚጠነክረው። አንድ ሰው ስንት ጊዜ ይደርሰዋል? አንዴ። ሁለት ዕጣ የሚከፍል ካለስ? ሁለት ሰው ተጋርቶ ግማሽ ግማሽ ዕጣ ቢይዝስ? ለካ «ዕጣ» የራሱ ሳጥን ያስፈልገዋል! ይህን ወረቀት ላይ ያላየ ልጅ ሁለት ወር ኮድ ከጻፈ በኋላ ያገኘዋል። ያኔ ሁሉንም ማፍረስ ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ዳያመንዱ፣ ማለትም አንዱ የሌላው ክፍል መሆኑን ለማሳየት መስመሩ ጫፍ ላይ የሚሳለው የአልማዝ ቅርጽ ነው። ዕቁቡ ሲፈርስ ዙሮቹም አብረው ይጠፋሉ፤ ይህ ጥቁር ዳያመንድ ነው። አባላቱ ግን ሰዎች ናቸው፣ ይኖራሉ፤ ለዚህ ነጩን እንድንስል ተምረናል። እውነቱን ለመናገር የነጩ ትርጉም በደረጃው ሰነድ ራሱ ልቅ ነው፤ እንደ ሥራው መስክ ይለያያል ይላል። ስለዚህ ነጭ ዳያመንድ ላይ ውጤት የሚቆርጥ መምህር ቢታገስ ጥሩ ነው።

ዩዝ ኬዝ ላይ ደግሞ የቀስቱ አቅጣጫ ያምታታል። ዕጣ የደረሰው ሰው ገንዘቡን ለመረከብ የግድ ዋስ ማቅረብ ካለበት፣ ቀስቱ ከ«ገንዘብ መረከብ» ወደ «ዋስ ማቅረብ» ይሄዳል። ይህ ኢንክሉድ ነው። «ዕጣ መሸጥ» ግን አልፎ አልፎ የሚሆን ነገር ነው፤ ቀስቱ ከሱ ተነስቶ ወደ ዋናው፣ ወደ «ገንዘብ መረከብ»፣ ይመጣል። ይህኛው ኤክስቴንድ ነው። ፈተና ላይ ሁለቱን ያላቀያየረ ተማሪ አላውቅም፤ እኔንም ጨምሮ።

ዩኤምኤል ጊዜው አልፎበታል የሚሉ አሉ። ከ2001 ወዲህ ሶፍትዌርን በአጫጭር ዙር እየሠሩ የሚያሻሽሉበት አጃይል የሚባለው አሠራር ሲስፋፋ ብዙ ቡድኖች ዝርዝር ንድፍ መሳል ትተዋል፤ ይህ እውነት ነው። ነጭ ሰሌዳ ላይ ሲከራከሩ የሚስሉት ግን ያው ሳጥንና ቀስት ነው።

በአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ዩኤምኤል ጎልቶ የሚታየው የመመረቂያ ፕሮጀክት ዶክመንት ላይ ነው። ሥርዓቱ መጀመሪያ ንድፍ፣ ቀጥሎ ኮድ ነው። በተግባር ኮዱ ካለቀ በኋላ፣ ዲፌንስ (ፕሮጀክቱ በመምህራን ፊት የሚቀርብበት ፈተና) ሁለት ቀን ሲቀረው ሌሊቱን የሚሳል ዳያግራም ሞልቷል። አድቫይዘሩ ያውቃል፤ ልጆቹም እንደሚያውቅ ያውቃሉ።

መሣሪያው ቀላል ሆኗል። ድሮ የራሽናል ሮዝ ነበር፤ አሁን ስታርዩኤምኤል እና ድሮው ዶት አይኦ አሉ። ፕላንትዩኤምኤል ደግሞ በጽሑፍ የሰጡትን ወደ ሥዕል ይለውጣል። ጃቫም ፓይተንም በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የክላስ ስም ይቀበላሉ። የቡድን ክርክሩ በአማርኛ ይካሄድና ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ግን እንግሊዝኛ ነው። «ዕጣ» ጋ ሲደርሱ የሚመጥን ቃል ይጠፋና በላቲን ፊደል ራሱን «ዕጣ»ን ጽፈው ያልፋሉ።