መላምትና ንድፈ ሐሳብ፦ ከጣና ዳር ሲታዩ

ባሕር ዳር ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ «ይሄ እኮ ቲዎሪ ብቻ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ያልተጨበጠ ወሬ ነው ማለቱ ነው። በሳይንስ ቋንቋ ግን ገና ያልተጨበጠው መላምት ነው፤ ንድፈ ሐሳብ ወይም ቲዎሪ የሚባለው ደግሞ ከብዙ አቅጣጫ ተፈትኖ የቆመ ሰፊ ማብራሪያ ነው።

ለመደናገሩ ቃሎቻችንም ድርሻ አላቸው። «መላምት» መላ ከመምታት ስለመጣ ሲሰሙት ይገባል። «ንድፈ ሐሳብ» ግን ንድፍ የሚል ስላለበት ገና ያላለቀ፣ በረቂቅ ያለ ነገር ያስመስላል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ከስሙ ጀምሮ ነው ብዬ አምናለሁ።

መላ የተባለ ሁሉም መላምት አይሆንም። ትክክል ከሆነ ምን መገኘት እንዳለበት፣ ስህተት ከሆነ ምን እንደሚያፈርሰው አስቀድሞ መታወቅ አለበት። «ጣና ላይ እምቦጭ አረም የሚባዛው ከእርሻ ታጥቦ በሚገባ ማዳበሪያ ነው» ማለት መላምት ነው፤ የወንዞቹን መግቢያ ውሃ ከሐይቁ መሀል ውሃ ጋር አወዳድሮ መመርመር ይቻላል። «እርግማን ነው» ማለት ግን የትኛውም ምርመራ ስለማያፈርሰው መላምት አይባልም።

ጣና ራሱ ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። ሐይቁ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታ ግን 15 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በበረዶው ዘመን ማብቂያ ዝናብ ሲጠፋ ደርቆ ይሆን? ደርቆ ከነበረ ምልክቱ ከጭቃው ሥር መገኘት አለበት። ተመራማሪዎች የሐይቁን ወለል በቱቦ ወግተው ጭቃውን እንደ ዓምድ አወጡት። ከላይ ለስላሳ የሐይቅ ጭቃ፣ ከሥሩ የበሰበሰ የረግረግ ተክል፣ ከዚያ በታች ደግሞ ውሃ ተለይቶት የጠጠረ ደለል ተገኘ። ጣና ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር ማለት ነው። ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ግድም መድረቁ ነገሩን አጠናከረው።

እዚህ ላይ ልብ ይባል፦ መላምቱ በማስረጃ ቢጸናም ንድፈ ሐሳብ አልሆነም፤ ስለ አንድ ሐይቅ ታሪክ የታወቀ ነገር ሆነ። ከመላምት ወደ ንድፈ ሐሳብ፣ ከንድፈ ሐሳብ ወደ ሕግ የሚወጣ መሰላል የለም። ሕግ የሚሆነውን ይገልጻል፤ ንድፈ ሐሳብ ለምን እንደሚሆን ያብራራል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ያሳተመው የስበት ሕግ ግዝፈቶች በምን ያህል ኃይል እንደሚሳሳቡ ያሰላል፤ ለምን እንደሚሳሳቡ ማብራሪያ የመጣው በ1915 በአይንስታይን ንድፈ ሐሳብ ነው።

ንድፈ ሐሳብ ሥራው አዳዲስ መላምት ማፍለቅም ነው። ዓሣ ገበያ ላይ ባርበስ የሚባለውን የጣና ዓሣ አፍ ከፍቶ ያየ ሰው መንጋጋው ላይ ጥርስ አያገኝም፤ ጥርሱ ያለው ጉሮሮው ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ አፍ ዓሣ አድኖ ለመብላት አይመችም። ሆኖም በጣና ከሚገኙት 15 ገደማ የዚህ ወገን ዝርያዎች ግማሽ ያህሉ ዓሣ በል ናቸው። የዝግመተ ለውጥ ንድፈ ሐሳብ ሁሉም ከጋራ ዘር መጥተው በየምግባቸው እንደተለያዩ ያስረዳል። የት ተለያዩ፣ መቼ ተለያዩ የሚለው ግን የመላምት ፋንታ ነው። ሐይቁ ደርቆ ከነበረ ወይ ዓሦቹ ውሃው ከተመለሰ በኋላ ባለው አጭር ጊዜ ተለያይተዋል፣ ወይ ቅድመ አያቶቻቸው አስቀድመው ተለያይተው በወንዞቹ ውስጥ ድርቁን አሳልፈዋል። ሁለቱን ለመለየት የዓሦቹን ጂን እርስ በርስና በአካባቢው ወንዞች ከሚኖሩ ዘመዶቻቸው ጋር ማነጻጸር ያስፈልጋል።