«አይሞትም አላለውም»

በክርስቶስ የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፤

ቅዱስ ዮሐንስ ወንጌሉን ሊፈጽም ሁለት ቁጥር ሲቀረው ቆም ብሎ ወሬ ያርማል (ዮሐ. 21፥23)። ጴጥሮስ ስለ ሌላው ደቀ መዝሙር፣ ስለ ዮሐንስ፣ ቢጠይቀው ጌታ «እስክመጣ ድረስ ይኖር ዘንድ ብወድስ፥ ምን አግዶህ? አንተ ተከተለኝ» ብሎት ነበር። ነገሩ ግን «ያ ደቀ መዝሙር አይሞትም» ተብሎ ወደ ወንድሞች ወጣ። ወደ ወንድሞች! ያዛመቱት አሳዳጆች አይደሉም፤ አብረው የሚጸልዩ ናቸው።

ምን እንደ ጠፋ አስተውሉ። «ብወድስ» ወደቀችና ጥያቄው ተስፋ ሆነ። «ምን አግዶህ?» ም ወደቀ። ሰሚውን የሚቆነጥጠው ተግሣጽ ቀርቶ የሚያስደንቀው ብቻ ተረፈ። (ስለ ሐዋርያው ፍጻሜ ክርክር መክፈቴ አይደለም፤ ወንጌላዊው ያረመው ስለ ጌታ ቃል የተወራውን ነው።)

ኦልፖርትና ፖስትማን የተባሉ የሥነ ልቦና ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1947 ያሳተሙት ጥናት ይህንኑ ያሳያል። ለአንድ ሰው ሥዕል ያሳዩና ላላየው እንዲነግር፣ ያም ለሌላው እንዲያቀብል ያደርጋሉ። አምስት ስድስት አፍ ሲያልፍ ከዝርዝሩ 70 በመቶ ገደማው ይጠፋል። የቀረው ጥቂቱ ይጋነናል፣ ሰሚው አስቀድሞ በልቡ ወዳለው ሐሳብም ይጎብጣል። ወሬ የሚበረታው ነገሩ ከባድም ድፍንም ሲሆን ነው አሉ። የጌታን መምጣት ለሚጠብቁት ደቀ መዛሙርት ደግሞ ከዚህ የከበደ፣ ከዚህም የተሰወረ ምን ነበር?

ስለዚህ ወሬ የሚያቀብል ሁሉ ክፉ አይደለም። ብዙው ፈርቶ ነው፤ ሲናገረው ቀለል ይለዋል። ሌላው ቀድሞ ማወቁ ያስከብረዋል። ደግሞም የተደጋገመ ነገር ሐሰት ቢሆንም እውነት እየመሰለ ይመጣል። «ሁሉም እያለው ነው» የምንለው አንድ አፍ በዐሥር ስልክ ዞሮ ይሆናል።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ያሳዝነኛል። «ለጸሎት እንዲሆንህ ነው የምነግርህ» እያልን የወንድማችንን ገበና እንዘረግፋለን። ጸሎቱ ይረሳል፣ ገበናው ይዞራል። ሕጉ እኮ «ሐሰተኛ ወሬ አትቀበል» ነው የሚለው (ዘፀ. 23፥1)። አታውራ ከማለቱ በፊት ጆሮህን ያዝ ይላል።

መልእክት ሲደርሳችሁ ላኪውን «ራስህ አይተሃል ወይስ ተነግሮህ ነው?» በሉት። ተቆርጦ የመጣ ድምፅ ከሆነ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ሳትሰሙ አታሳልፉ። ነገሩ ሰውን የሚነካ ከሆነ መንገዱ «አንተና እርሱ ብቻችሁን» ነው (ማቴ. 18፥15)።

አስተላልፋችሁ ከሆነስ? ከስልካችሁ መሰረዝ አይበቃም፤ የሰማው ሰምቷል። እርማቱ በዚያው ቡድን፣ ለእነዚያው ሰዎች ይድረስ። እውነቱን አስቀድሙ፣ ሐሰተኛውን ምስል ደግማችሁ አትለጥፉ። «ውሸት ነው» ብቻ ብላችሁም አትተዉት። በቦታው የሚተካ ነገር ካላገኘ አእምሮ ወደ ቀደመው ወሬ ይመለሳል። ዮሐንስን ተመልከቱ፤ ማን እንደ ጀመረው አላሰሰም፣ ማንንም አልወነጀለም። «አይሞትም አላለውም» ሲል ጌታ ያለውን ቃል ከነ«ብወድስ» ው መልሶ አስቀመጠው።

ስሙ የተነሣው ሰው ካለ ግን እርማቱን ከመለጠፋችሁ በፊት ለእርሱ ደውሉለት።