ጼርኪዬፍ ምንድን ነው? የደቡብ ፖላንድ ገጠር የእንጨት አብያተ ክርስቲያናት

ከክራኮቭ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ጎርሊጸ የተባለችው ከተማ የደረሰ መንገደኛ ፊቱን ወደ ስሎቫኪያ ድንበር አዙሮ ጉዞውን ከቀጠለ፣ ብዙም ሳይቆይ ቤስኪድ ኒስኪ በሚባሉት ዝቅተኛ ተራሮች መካከል ይገባል። መንገዱ ወንዝ እየተከተለ ይጠማዘዛል፤ በግራና በቀኝ ደንና የሣር መስክ ይፈራረቃሉ። ከአንዱ ጥምዝ በኋላ በድንገት በዛፎች መካከል ሦስት ጉልላቶች ብቅ ይላሉ፤ የመጀመሪያው ረጅም፣ ሁለተኛው ከእርሱ ዝቅ ያለ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም ያነሰ ነው። ቅርጻቸው የሽንኩርት ራስ ይመስላል፤ በየጫፋቸው መስቀል ተተክሏል፤ ከጉልላቱ እስከ ግድግዳው ድረስ የለበሱት እንጨት ደግሞ በዝናብና በፀሐይ ብዛት ጠቁሯል። የአካባቢው ሰው ይህን ሕንጻ «ጼርኪዬፍ» ብሎ ይጠራዋል።

በአማርኛ «ቤተ ክርስቲያን» የምንለውን አንድ ነገር ፖላንዶች በሁለት ቃላት ይከፍሉታል። የላቲን ሥርዓት የሚከተሉ ካቶሊኮች የሚጸልዩበት ቤት «ኮሽቹው» ይባላል። «ጼርኪዬፍ» ግን የምሥራቁን ሥርዓት፣ ማለትም ከቁስጥንጥንያ የተወረሰውን የቅዳሴና የአምልኮ ሥርዓት የሚከተሉ ክርስቲያኖች ቤተ ጸሎት ብቻ ነው። ቃሉ በስላቭ ቋንቋዎች ውስጥ ብዙ ዘመን የኖረ ሲሆን ሥሩ «የጌታ የሆነ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ይመዘዛል። ስለዚህ አንድ የፖላንድ ሰው «በመንደራችን ጼርኪዬፍ አለ» ሲል፣ ስለ ሕንጻው ብቻ ሳይሆን በዚያ መንደር ማን ይኖር እንደነበረም እየተናገረ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢን የሚያደናግር ነገር አለ፤ ጼርኪዬፍ ሁሉ የኦርቶዶክስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1596 በብሬስት በተደረገው ስምምነት በያኔው የፖላንድና የሊትዌኒያ መንግሥት ሥር ከነበሩት የምሥራቅ ክርስቲያኖች ከፊሎቹ የሮሙን ጳጳስ የበላይነት ተቀብለው፣ ቅዳሴያቸውን፣ ጾማቸውንና ያገቡ ካህናትን የመሾም ልማዳቸውን ግን እንደያዙ ቀጠሉ። እነዚህ «ግሪክ ካቶሊኮች» ይባላሉ። ለእኛ አንባቢ ነገሩን ለመረዳት የሚቀርበው ምሳሌ የኢትዮጵያ ካቶሊኮች ናቸው፤ እነርሱም ከሮም ጋር አንድነት ይዘው በግእዝ ሥርዓት ይቀድሳሉና። በዚያው አካባቢ የሚገኙት ኦርቶዶክሶች ደግሞ ከቁስጥንጥንያ ወገን ያሉት፣ የኬልቄዶንን ጉባኤ የተቀበሉት ናቸው፤ ስለዚህ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር በስም ቢመሳሰሉም አንድ አይደሉም።

በእነዚህ ተራሮች ላይ ጼርኪዬፎችን የሠሩት ሌምኮ የሚባሉ ሕዝቦች ናቸው። ገበሬዎች፣ እረኞችና እንጨት ጠራቢዎች ነበሩ። ስማቸው የመጣው «ሌም» ከምትለው ቃላቸው ነው ይባላል፤ «ብቻ» ማለት ስትሆን፣ ጎረቤቶቻቸው በሌላ ቃል የሚሉትን እነርሱ በዚህች ቃል ስለሚሉ መጠሪያቸው ሆና ቀረች። ሀብታም ሕዝብ አልነበሩም፤ ያለ ድካም የሚያገኙት የግንባታ ዕቃ ደኑ ነበር፤ እጃቸውም እንጨትን ያውቅ ነበር።

ክቪያቶን የተባለችው ትንሽ መንደር ይህንን ለማየት ከሁሉ የተሻለች ናት ብዬ አምናለሁ። የቅድስት ፓራስኬቫ ጼርኪዬፏ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ የተሠራ ነው ተብሎ ይገመታል፤ የደወል ግንቡ የተጨመረው በ1743 ነው። ፓራስኬቫ የግሪክ ስም ሲሆን ዓርብን፣ በወንጌል እንደሚባለውም «የመዘጋጀት ቀን»ን ያመለክታል፤ በካርፓቲያን ተራሮች ዙሪያ በዚህች ቅድስት ስም የተሰየሙ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ናቸው።

ከውጭ ሲታይ ሕንጻው ሦስት አካላት አሉት። በምዕራብ በኩል የደወሉ ግንብ ይቆማል፤ ግድግዳዎቹ ወደ ላይ በሄዱ ቁጥር ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብሉ ከታች ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ ነው፤ ጫፉ ላይ ግን ደወሉ ያለበት ክፍል ከግንቡ ትንሽ ወጣ ብሎ እንደ ባርኔጣ ይደፋበታል። ከግንቡ ቀጥሎ የምእመናኑ ክፍል አለ፤ በምሥራቅ ጫፍ ደግሞ መቅደሱ። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ከፍታው ደረጃ በደረጃ የሚወርድበት ይህ አሠራር የሌምኮ ጼርኪዬፍ ዋና መለያ ነው። ከእነርሱ በስተምሥራቅ የሚኖሩት ቦይኮዎች መካከለኛውን ጉልላት ከሁሉ አስበልጠው ይሠራሉ፤ በ1791 የተሠራው የስሞልኒክ ጼርኪዬፍ የዚህ ምሳሌ ነው። ስለዚህ ዓይኑን ያለማመደ ተጓዥ ከሩቅ የጉልላቶቹን ከፍታ አይቶ የማን አገር እንደገባ ማወቅ ይችላል።

ወደ ግድግዳው ጠጋ ሲሉ የእጅ ሥራው ይታያል። ግንዶቹ በአራት ማዕዘን ተጠርበው አንዱ በአንዱ ላይ አግድም ተደርድረዋል፤ ማዕዘኑ ላይ የሁለቱ ግድግዳዎች ግንዶች ጫፋቸው ተቦርቡሮ እርስ በርሳቸው ይነካከሳሉ፤ ግድግዳውን አጥብቆ የሚይዘውም ይኸው መነካከስና የግንዶቹ ክብደት ነው። በዚህ ላይ «ጎንት» የሚባለው ልብስ ይመጣል። ጎንት እንደ እንጨቱ ጅማት አቅጣጫ የተሰነጠቀ ስስ ፍልጥ ነው፤ አንደኛው ጠርዙ እንደ ቢላ ስለት ይሳላል፣ በሌላኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ ቦይ ይወጣለታል፤ ከዚያ የአንዱ ስለት በሌላው ቦይ ውስጥ እየገባ ይያያዛል። ጅማቱን ተከትሎ የተሰነጠቀ እንጨት በመጋዝ ከተቆረጠው ይልቅ ውኃ ስለማያስገባ ዝናቡ ከላይ ወደ ታች ይንሸራተታል። እንዲህም ሆኖ ልብሱ ዘላለማዊ አይደለም፤ በየጥቂት አሥርት ዓመታት መታደስ አለበት፤ ዛሬ አንድ ጼርኪዬፍ ቆሞ ከታየ ማለት በየትውልዱ ጣሪያው ላይ የወጣ ሰው ነበረ ማለት ነው። በክቪያቶን በጉልላቱ ክብ ጎን ላይ እንኳ ፍልጦቹ እየጠበቡ እንዴት እንደተጠማዘዙ ልብ ብሎ የሚያይ ሰው ብዙ ደቂቃ እዚያው ይቆማል።

በውስጥም የሦስትዮሽ ክፍፍሉ ይቀጥላል። ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ያለው ቤተ ክርስቲያን ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም፤ አገልግሎቱ ግን ይለያል። ከግንቡ ሥር ያለው የመጀመሪያው ክፍል «ባቢኒዬጽ» ይባላል፤ ስሙ ሴት ከሚል ቃል የወጣ ሲሆን በቀድሞው ልማድ ሴቶች የሚቆሙበት ነበር። ቀጥሎ ያለው ሰፊው ክፍል የሌላው ምእመን ነው። በዚህና በመቅደሱ መካከል ከግራ ወደ ቀኝ የሚዘረጋ፣ ሥዕለ ቅዱሳን በረድፍ በረድፍ የቆሙበት ግድግዳ አለ፤ ኢኮኖስታስ ይሉታል። እኛ በመንጦላዕት የምንጋርደውን እነርሱ በሥዕል ይጋርዱታል።

ኢኮኖስታስ የሚነበብበት ሥርዓት አለው፤ ይህንን ሥርዓት ያወቀ ጎብኚ ወደ የትኛውም ጼርኪዬፍ ሲገባ እንግዳነቱ ይቀንሳል። ከታችኛው ረድፍ መካከል ካህኑ የሚገባበት የንጉሥ በር አለ። ወደ በሩ ፊቱን አዙሮ ለቆመ ሰው በቀኝ በኩል ክርስቶስ፣ በግራ በኩል እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ይሣላሉ። ከእነርሱ ወዲያና ወዲህ የዲያቆናት በሮች አሉ። በግራው ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ቅዱስ ኒኮላስ ይገኛል፤ በቀኙ ጫፍ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ የተሰየመበት ቅዱስ ወይም በዓል። ስለዚህ ቤቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ በር ላይ የተጻፈ ነገር መፈለግ አያስፈልግም፤ የቀኙን ጫፍ ሥዕል መመልከት ይበቃል። ከዚህ በላይ የዓመቱ ታላላቅ በዓላት በትናንሽ ሥዕሎች ይደረደራሉ፤ መካከላቸው የመጨረሻው እራት ነው። ከበላዩ ክርስቶስ በዙፋን፣ በግራና ቀኙ ሐዋርያት፤ ከዚያም በላይ ነቢያት፤ በጫፉ ስቅለት። የክቪያቶኑ ኢኮኖስታስ የተሠራው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ ስለሆነ ከሕንጻው በጣም ያንሳል፤ ነገር ግን ሙሉነቱ ሥርዓቱን ለመማር ያመቻል።

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2013 በፖላንድና በዩክሬን የሚገኙ 16 የካርፓቲያን የእንጨት ጼርኪዬፎችን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል፤ ስምንቱ በፖላንድ፣ ስምንቱ በዩክሬን ናቸው። ክቪያቶን ከፖላንዶቹ አንዷ ስትሆን፣ በ1600 የተሠራው የፖቭሮዥኒክ እና በ1653 የተሠራው የኦፍቻሪ ጼርኪዬፎችም በዚሁ መዝገብ አሉ። የፖቭሮዥኒኩ በወንዝ ሙላት ስጋት የተነሣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ተፈትቶ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዶ እንደገና የቆመ ነው። ተነካክሶ የተሠራ የእንጨት ቤት ይህ ጥቅም አለው፤ ይፈታል፣ ይጓዛል፣ ይገጣጠማል።

በዙሪያው ሌላም የሚታይ አለ። ከጎርሊጸ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ በምትገኘው ሴንኮቫ በ1520 ገደማ የተሠራ የእንጨት ኮሽቹው አለ፤ ጣሪያው እስከ መሬት ሊደርስ ጥቂት የቀረው እስኪመስል ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ኮሽቹውንና ጼርኪዬፍን በአንድ ቀን አከታትሎ ማየት ልዩነታቸውን ከማንኛውም ገለጻ በላይ ስለሚያስረዳ ሴንኮቫን ማለፍ አይገባም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ምሽግ ለመሥራትና ለማገዶ እንጨቱን ነቅለውበት ነበር፤ በኋላ ታድሷል። ጎርሊጸ በግንቦት 1915 ታላቅ ጦርነት የተካሄደባት ስለሆነች በተራሮቹ ላይ የወታደሮች መካነ መቃብር በየቦታው ይገኛል። ከእነዚህ ውስጥ ሮቱንዳ በተባለው ተራራ ጫፍ ላይ ያለው፣ ስሎቫካዊው አርክቴክት ዱሻን ዩርኮቪች የነደፈው፣ አምስት የእንጨት ግንቦች ያሉት ነው፤ ግንቦቹን ያየ ሰው ዩርኮቪች ከሌምኮ ጠራቢዎች ምን ያህል እንደተማረ ይገባዋል። በዚያ የኦስትሪያ-ሀንጋሪና የሩሲያ ወታደሮች፣ ጠላት የነበሩት፣ አብረው ተቀብረዋል።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል። ክቪያቶን ውስጥ ዛሬ የሚቀድሱት የሮማ ካቶሊኮች ናቸው፤ ታዲያ ለምሥራቁ ሥርዓት የተሠራው ቤት እንዴት ወደ እነርሱ አለፈ? መልሱ በ1947 የሆነው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ብዙ ሌምኮዎች ወደ ሶቪየት ዩክሬን ተወስደው ነበር፤ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ 1947 ደግሞ የፖላንድ ኮሚኒስት መንግሥት «የቪስዋ ዘመቻ» ብሎ በጠራው እርምጃ ወደ 140 ሺህ የሚጠጉ ዩክሬናውያን፣ ሌምኮዎችና ቦይኮዎች ከቀያቸው ተነቅለው በምዕራብና በሰሜን ፖላንድ እንዲበተኑ ተደረገ። ምክንያት ተብሎ የቀረበው በአካባቢው የሚንቀሳቀሰውን የዩክሬን ሽምቅ ጦር መደገፊያ ማሳጣት ነበር። ቅጣቱ ግን በታጣቂ ላይ ሳይሆን በመንደር ሁሉ፣ በሕፃንና በሽማግሌ ላይ ነው የወረደው። ባለቤት ያጡት ጼርኪዬፎች ከፊሎቹ ፈረሱ፣ ከፊሎቹ መጋዘን ሆኑ፤ የተረፉት ብዙዎቹ የተረፉት የሮማ ካቶሊክ ምእመናን ስለገቡባቸው ነው። ይህ ሁለት ገጽ ያለው እውነት ነው፤ ለባለቤቶቹ ሕመም ነው፤ ለሕንጻዎቹ ግን ጣሪያቸውን የሚጠግን ሰው አገኙ ማለት ነው።

ከ1956 በኋላ ጥቂቶች ተመልሰዋል። ኦፍቻሪ ውስጥ ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር የሮማ ካቶሊኮችና ግሪክ ካቶሊኮች በየተራቸው ይቀድሳሉ። ዝዲኒያ በተባለው መንደር በየዓመቱ በጁላይ ሌምኮዎች «ቫትራ» ለሚሉት በዓላቸው ከየአገሩ ይሰባሰባሉ። የዚያው መንደር ልጅ የነበረው ኦርቶዶክሱ ካህን ማክሲም ሳንዶቪች በ1914 ጎርሊጸ ውስጥ በኦስትሪያ ወታደሮች ተረሽኖ፣ በ1994 በፖላንድ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ተብሏል። ኦርቶዶክሶቹ የጥንቱን የዩልያኖስ አቆጣጠር ስለሚከተሉ ልደትን የሚያከብሩት በጃንዋሪ 7 ነው፤ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ከእኛ ታኅሣሥ 29 ጋር ይገጥማል።

ያልተመለሰባቸው መንደሮች ግን አሉ። ቻርኔ፣ ድውጊዬ፣ ራዶጺና የመሳሰሉት ሸለቆዎች ዛሬ ሣር ናቸው። በመንገዱ ዳር ከድንጋይ የተጠረቡ መስቀሎች ቆመዋል፤ በሣሩ መካከል ያለ ሥርዓት የበቀሉ የሚመስሉ የፖም ዛፎች አሉ፤ ልብ ብሎ ላያቸው ግን እያንዳንዳቸው አንድ ጓሮ የነበረበትን ቦታ ያመለክታሉ። በየቀድሞው መንደር መግቢያ ላይ የመንደሩ ስም የተጻፈበት ባዶ በር ለመታሰቢያ ተተክሏል፤ ከበሩ በስተኋላ ቤት የለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራው የቻርኔ ጼርኪዬፍም በቦታው የለም፤ ተፈትቶ ኖቪ ሶንች ከተማ ወደሚገኘው የገጠር ቤቶች ሙዚየም ተወስዶ እዚያ ተገጣጥሟል። የቻርኔን በር ያየ ተጓዥ በማግስቱ ኖቪ ሶንች ቢሄድ፣ የበሩ መንደር ሰዎች ይሳለሙት የነበረውን ቤት ገብቶ ማየት ይችላል።