የማጂክ አምስቱ ቀለሞችና የመጀመሪያ ካርዶቻቸው ጠብ

ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ ከተባለው የካርድ ጨዋታ አንድ ካርድ ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩት። መሃሉ ላይ አምስት ነጠብጣቦች ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፦ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ጎን ለጎን ያሉት ወዳጆች ናቸው። ፊት ለፊት የሚተያዩት ደግሞ ደመኞች። እያንዳንዱ ቀለም ሁለት ወዳጅና ሁለት ጠላት አለው ማለት ነው። የጨዋታው ጠብ ሁሉ የሚነሣው ከዚህች ክብ ነው።

ጨዋታውን የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ ያኔ በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ የዶክትሬት ተማሪ ነበር። በፈረንጆቹ 1991 ሮቦራሊ የተባለ የሰሌዳ ጨዋታ ይዞ ወደ ፒተር አድኪሰን ሄደ። የአድኪሰን ድርጅት ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ገና ዳዴ የሚል፣ ከሲያትል አቅራቢያ በምድር ቤት የሚሠራ ነበር። ሮቦራሊ ለአድኪሰን ኪስ ከበደው። ይልቅ ለመያዝ የሚቀል፣ ቶሎ ተጀምሮ ቶሎ የሚያልቅ ነገር ይሻላል አለ። ጋርፊልድ ካርዶቹን ይዞ ተመለሰ። አልፋ የሚባለው የመጀመሪያው ኅትመት በ1993 ኦገስት ወር ወጣ፤ 295 ዓይነት ካርድ ነበረው።

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ሁለት አስማተኞች ይገጥማሉ፤ እያንዳንዳቸው 20 ነጥብ ነፍስ አላቸው። ኃይላቸው፣ ማና የሚሉት፣ የሚቀዳው ከመሬት ነው። ነጭ ከሜዳ ይቀዳል፤ ሕግና ሥርዓት ይወዳል። ሰማያዊ የደሴት ነው፤ አዋቂም ተንኮለኛም። ጥቁር ረግረግ ውስጥ ተቀምጦ ለሥልጣን ሲል የማይከፍለው ነገር የለም። ቀይ ተራራ ላይ ይነዳል፣ አረንጓዴ ጫካው ውስጥ አውሬ ያረባል።

የእያንዳንዱን ጠባይ ባጭሩ ማየት የሚፈልግ ሰው አምስት ካርዶች ይበቁታል። ሁሉም ዋጋቸው አንድ ማና ነው፤ ሁሉም የሚሰጡት ሦስት ነው። የነጩ ሂሊንግ ሳልቭ ሦስት ነፍስ ይመልሳል። የሰማያዊው አንሴስትራል ሪኮል ሦስት ካርድ ያስመዝዛል። የጥቁሩ ዳርክ ሪቹዋል አንዱን ማና ሦስት ያደርገዋል። የቀዩ ላይትኒንግ ቦልት እንደ መብረቅ ወርዶ ሦስት ነጥብ ያቃጥላል። የአረንጓዴው ጃይንት ግሮውዝ አንዱን ፍጡር ለአንድ ተራ ጉልበቱንም ጽናቱንም በሦስት በሦስት ያገዝፈዋል። ወረቀት ላይ ፍትሐዊ ክፍፍል ይመስላል፤ ጠረጴዛ ላይ ግን ሌላ ነው። ሦስት ካርድ በአንድ ማና ጉድ የሚያሰኝ ነገር ሲሆን፣ የነጩ መድኃኒት ብዙም የሚፈልገው አልተገኘም። ለዚህ ይመስላል አራቱ እንደ ልብ የሚገኙ ሆነው የሰማያዊው ብቻ ብርቅ ተደርጎ የታተመው።

ጠላትነቱ ደግሞ ፊት ለፊት የተጻፈ ነው። ካርማ የተባለው የነጭ ካርድ ባለ ረግረጉን በረግረጉ ቁጥር ይቀጣዋል። የአረንጓዴው ሱናሚ ደሴት የተባለን ጠራርጎ ያጠፋል። የቀዩ ፍላሽፋየርስ ሜዳውን ያቃጥላል። ተጋጣሚህ ያን ቀለም ካልያዘ እነዚህ ካርዶች እጅህ ላይ በድን ናቸው። ከያዘ ግን ጉዱ ፈላ።

እኔን ከሁሉም የሚያስቁኝ ሁለቱ ፈረሰኞች ናቸው። ነጩና ጥቁሩ ፈረሰኛ በጉልበትም በዋጋም አንድ ናቸው፤ አንዱ ከጥቁር፣ ሌላው ከነጭ ጥበቃ አለው። ጥበቃ ማለት የዚያ ቀለም ፍጡር ሊያግድህም ሊጎዳህም አይችልም ማለት ነው። ውጤቱስ? ነጩ ሲዘምት ጥቁሩ ሊያስቆመው አይችልም፤ ጥቁሩ ሲዘምትም እንዲሁ። እነዚያ የማይታረቁ ደመኞች እየተላለፉ የሰው ቤት ይመታሉ እንጂ አንድም ቀን ሰይፍ አይማዘዙም!

አልፋ በጥድፊያ የወጣ መሆኑ ያስታውቃል። ኦርኪሽ ኦሪፍላም የተባለው ካርድ ዋጋው ተሳስቶ በግማሽ ታትሟል። ሳይክሎፒያን ቱምብ ደግሞ ጭራሹን ዋጋ አልተጻፈበትም። ሁለት ካርዶች ሳይታተሙ ቀርተዋል። አንዱ ነጭን ከጥቁር የሚከላከለው፣ የመከላከያ ክብ የሚባለው ካርድ ነው። ነጭ ከሌሎቹ ቀለሞች ሁሉ መከላከያ ሲያገኝ ከዋና ጠላቱ ፊት ባዶ እጁን ቆመ። ሁለተኛው ቮልካኒክ አይላንድ ነው፤ ሰማያዊንና ቀይን፣ ሁለት ጠላቶችን፣ በአንድ መሬት ላይ የሚያገናኝ። ሁለቱም በዚያው ዓመት ኦክቶበር በወጣው ቤታ ኅትመት ገቡ።

የመጀመሪያው ደንብ አንድን ካርድ ስንት ጊዜ መደጋገም እንደሚቻል ገደብ አልነበረውም። ሰው ጥቂት ፓኬት ገዝቶ ይበቃኛል ይላል ተብሎ ነበር የታሰበው። ሰው ግን አልበቃውም። ያለው በላይ በላዩ ገዛ፣ የሌለው ተለዋወጠ፤ ብርቅ የተባሉት ካርዶች አንድ ዴክ ውስጥ፣ ማለትም አንድ ተጫዋች በሚጫወትበት የካርድ ክምር ውስጥ፣ ተከማቹ። ከእነሱ አንደኛው ብላክ ሎተስ ነው። ምንም ሳያስከፍል ወጥቶ፣ ራሱን ሠውቶ በፈለጉት ቀለም ሦስት ማና ይሰጣል። አበባውን የሣለው ክሪስቶፈር ራሽ ነው። በ2021 እሱ ማቀፊያውን የፈረመበት አንድ የአልፋ ቅጂ በኢቤይ ጨረታ 511,100 ዶላር አወጣ። ስሙ ጥቁር ይባል እንጂ ካርዱ ቀለም የለውም፤ ለአምስቱም ጠበኞች እኩል ያገለግላል።