ልጆችን ቤት ውስጥ ያለ ፍላሽ ፎቶ ማንሳት፦ በአዲስ አበባ ዳርቻ

ልጅን ያለ ፍላሽ ቤት ውስጥ ማንሳት ሲባል በመስኮትና በበር የሚገባውን፣ ወይም ቤቱ ውስጥ የበራውን ብርሃን ብቻ መጠቀም ነው። በአዲስ አበባ ዳርቻ ይህን የሚያደርገው አብዛኛው ሰው ባለሙያ አይደለም። እናት ናት፣ አባት ነው፣ ለበዓል የመጣች አክስት ናት። መሣሪያው ሞባይል ነው። ክርስትና፣ ልደት ወይም እንቁጣጣሽ ሲሆን ሁሉም ስልኩን ያወጣል። ፎቶው ሲበላሽ ስልኩ ይወቀሳል፤ ጥፋቱ ግን ብዙውን ጊዜ ልጁ የቆመበት ቦታ ነው።

ዳርቻው ላይ ሁለት ዓይነት ቤት ይበዛል። አንዱ የየካ አባዶ፣ የቦሌ አራብሳ፣ የቱሉ ዲምቱና የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ሳሎኑ ብዙ ጊዜ ብርሃን የሚያገኘው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። መስኮቱ ትንሽ ከሆነ ከመስኮቱ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ወደ ሩብ ገደማ ይወርዳል። ዓይናችን ቶሎ ስለሚለምድ ልዩነቱ አይታወቀንም። ካሜራ ግን አይሸወድም። ስለዚህ ልጁን ከሶፋው አንስቶ ወደ መስኮቱ ማስጠጋት ስልክ ከመቀየር የበለጠ ይጠቅማል። ፊት ለፊት ያለው ብሎክ ላይ ፀሐይ ስታርፍ ደግሞ ከግድግዳው የሚመለሰው ብርሃን ሳሎኑን ለስለስ አድርጎ ይሞላዋል።

ሌላው ከጭቃ ወይም ከብሎኬት የተሠራ ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ቤት ነው። መስኮቱ ጠባብ ነው። እዚህ ዋናው የብርሃን ምንጭ በሩ ነው። ወለል ብሎ ሲከፈት ከተጠረገው ግቢ የተንጸባረቀ ብርሃን ከታች ወደ ላይ ይገባል። ልጁ ከደፉ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ዱካ ላይ፣ ፊቱን ወደ ደጅ አዙሮ ይቀመጥ። ፎቶውን አጉልታችሁ ዓይኑን ብታዩት የበሩ ቅርጽ ትንሽ ነጭ አራት ማዕዘን ሆኖ ብሌኑ ላይ ይታያል። ያ ነጭ ከሌለ ዓይን የፈዘዘ ይመስላል። ከኋላው ያለው ጓዳ ስለሚጨልም ዕቃው ሁሉ ይጠፋል፤ የሚታየው ልጁ ብቻ ነው። ለዚህ ሥራ እንዲህ ያለው ቤት ከብዙ ሰፊ ሳሎን ይሻላል ባይ ነኝ።

የግድግዳና የመጋረጃ ቀለም ልብ ይባል። አረንጓዴ ግድግዳ ወይም ወፍራም ቀይ መጋረጃ ቀለሙ ጉንጩ ላይ ያርፋል። ስስ ነጭ መጋረጃ ግን ባለበት ይቆይ፤ ኃይለኛ ፀሐይ ያለሰልሳል። የፊቱ ግማሽ ከጨለመ በዚያ በኩል ነጠላ ወይም ነጭ አንሶላ ዘርግቶ መያዝ ነው። ነጭ ነጠላ የለበሱ አያት አጠገቡ ከተቀመጡማ ሥራው አለቀ።

የሰሜን መስኮት ቀጥተኛ ፀሐይ አይገባበትም፣ ሁሌም ለስላሳ ነው የሚል ምክር አለ። ይህ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ርቀው ላሉ አገሮች ይሠራል። አዲስ አበባ ግን በ9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የእኩለ ቀን ፀሐይ ከአናታችን በስተሰሜን ታልፋለች፤ በቀሩት ወራት በስተደቡብ። በታኅሣሥ ለስላሳ የነበረው የሰሜን መስኮት በግንቦት ጠዋት ፀሐይ ሊያገኘው ይችላል። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የበጋ ፀሐይ ጥላዋ ድርቅ ያለ ነው። ጠዋት በምዕራብ፣ ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ በኩል ያለውን መስኮት መምረጥ ያዋጣል። ክረምት ሲሆን ደመናው ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፤ ግን ይቀንሰዋል።

ልጅ አንድ ቦታ አይቆምም። «ዝም በል፣ ካሜራውን እይ» ሲባል ፊቱን ያጠነክራል። ጨዋታውን ወደ ብርሃኑ ማምጣት ይሻላል፤ ብይ ወይም እርሳስና ወረቀት ይበቃል። ቁጭ ብሎ ለሚስል ልጅ የሹተር ፍጥነቱ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ፣ ለሚንቀሳቀስ 1/250፣ ለሚዘል 1/500 ገደማ ይሁን። ካሜራ ያለው ሰው አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ) ከፍቶ አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃኑን የሚያጎላበትን መጠን) ወደ 1600 ወይም 3200 መውሰዱ አይቀርም። ፎቶው አሸዋማ፣ ነጠብጣብ የበዛበት ይሆናል። ይሁን! አሸዋማ ፎቶ ያምራል፤ የተንቀጠቀጠውን ግን ማንም አያስተካክለውም። የስልክ ናይት ሞድ (በጨለማ ማንሻው) ብዙ ፎቶ ስለሚደራርብ ለተኛ ሕፃን ነው እንጂ ለሚሮጥ ልጅ አይሆንም።

ካሜራ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል። ልጁ ነጭ የሐበሻ ልብስ ለብሶ ፍሬሙን ከሞላው ፊቱ ይጠቁራል፤ ያኔ ካሜራው ላይ ብርሃኑን ከፍ ማድረግ ነው። ጀርባው ጨለማ ከሆነ ፊቱ ይነጣል፤ ያኔ ዝቅ። የጠይም ልጅን ፊት በፊልተር ማንጣት ግን ልጁን መለወጥ ነው። አይደረግ።

ሲመሽ ሌላ ጣጣ አለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ነው፤ ብዙ አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ርካሽ ኤልኢዲ ሥር በፈጣን ሹተር ሲነሳ ፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ይጋደማሉ። ወደ 1/100 ወይም 1/50 ማውረድ ያጠፋቸዋል፤ ልጁ ግን ረጋ ማለት አለበት። መብራት ከጠፋ የሌላ ሰው ስልክ ባትሪ ወደ ነጭ ግድግዳ ተደርጎ ይብራ፤ ዓይኑ ላይ በቀጥታ አይሁን።