ያገለገለ ፕሪየስ ቪ፦ ስለ ጥንካሬውና ስለ ጥገና ወጪው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፕሪየስ ቪ በቤንዚን ሞተርና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ (ሃይብሪድ)፣ ከመደበኛው ፕሪየስ ረዘምና ሰፋ ተደርጎ የተሠራ የዋገን ዓይነት መኪና ነው። ቶዮታ በአሜሪካ ገበያ ላይ ያዋለው እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ላይ የ2012 ሞዴል ብሎ ሲሆን፣ የመጨረሻው ደግሞ የ2017 ሞዴል ነበር። ከኋላ ወንበሩ በስተጀርባ 34 ኪዩቢክ ፊት ያህል የዕቃ ቦታ ስላለው መንገደኛን ከነሻንጣው ከአውሮፕላን ማረፊያ ለማመላለስ ይመቻል፤ በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በታክሲና በኡበር ሥራ የምንተዳደር ኢትዮጵያውያን ደህና አድርገን የምናውቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ዛሬ ለሽያጭ የሚቀርበው ሁሉ ያገለገለ ነው። በገዢዎች መካከል ከአፍ ወደ አፍ የሚተላለፈው ምክር ግን ብዙ ስሕተት አለበት፤ ስሕተቱም የቤተሰብ መተዳደሪያ የሆነውን መኪና ያለጊዜው ሲያቆም ስላየሁ፣ ነገሩን በተራ በተራ ማስረዳት አስፈላጊ መስሎ ታይቶኛል።

«ባትሪው ካለቀ መኪናው አለቀ።»

ገዢዎች ከሁሉ አብልጠው የሚፈሩት ይህንን ነው። በአሜሪካ በተሸጠው ፕሪየስ ቪ የኤሌክትሪክ ሞተሮቹ ኃይል የሚያገኙት ከኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ሲሆን፣ 28 ሞጁሎች (ትናንሽ የባትሪ ክፍሎች) ተያይዘው 201.6 ቮልት ይሰጣሉ። ባትሪው ማርጀቱ አይቀርም፤ ሲደክም ግን እንደ ማንኛውም ዕቃ ተለውጦ መኪናው ሥራውን ይቀጥላል። አዲሱን በዲለር ማስገባት ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ዶላር በላይ ያስወጣል። ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ሆኖም የሌላ ተራ መኪና ካምቢዮ ሲበላሽ ከሚጠየቀው ወጪ ጋር ቢነጻጸር የተለየ መዓት አይደለም።

ባትሪውን ከዕድሜው በፊት የሚገድለው ሙቀት ነው። ባትሪው የሚቀዘቅዘው ከተሳፋሪው ክፍል አየር ስቦ በሚነፍስበት አነስተኛ ፋን ሲሆን፣ አየሩ የሚገባበት ቀዳዳ ከኋላ ወንበር አጠገብ ይገኛል። በታክሲ ሥራ ላይ የዋለን መኪና የፋን ክንፎች አውጥቶ የተመለከተ ሰው፣ የምንጣፍ ብናኝና ፀጉር እንደ ጥጥ ተጠቅጥቆባቸው ያገኛል። ይህንን ማጽዳት ከአንድ ሰዓት ብዙም የማይበልጥ ሥራ ነው፤ ተሳፋሪዎች ካፖርታቸውን ቀዳዳው ላይ እንዳያስቀምጡ መከልከልም ምንም አያስወጣም።

የደከመውን አንድ ሞጁል ብቻ በርካሽ አስለውጦ መገላገል ይቻላል የሚለው ምክርም አያዋጣም። የቀሩት 27ቱ እኩል ያረጁ ስለሆኑ፣ ብዙ ሳይቆይ ሌላው ይከተላል፤ ሠራተኛው ሰው ደግሞ በየጊዜው የሥራ ቀን ያጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ለንደን ያለ ወንድም ወይም እኅት ስለ ባትሪው የሚሰጠው ምክር ለእኛ መኪና ላይሠራ ይችላል። በአውሮፓ ፕሪየስ ፕላስ ተብሎ የተሸጠው ሰባት ሰው የሚይዝ ሲሆን፣ ባትሪውም የሊቲየም ሆኖ በፊት ወንበሮች መካከል የተቀመጠ ነው።

«ቀይ ሦስት ማዕዘን ከበራ ባትሪው ነው።»

ይህ መብራት ብቻውን የሚነግረን ነገር ቢኖር ኮምፒውተሩ አንድ ችግር መመዝገቡን ነው። ፒ0ኤ80 የሚለው ኮድ በእርግጥ ባትሪው መድከሙን ያመለክታል፤ ፒ0ኤ93 ግን የኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኃይል ለኤሌክትሪክ ሞተሮቹ የሚቀይረው ክፍል) ማቀዝቀዣ ችግር እንዳለበት የሚገልጽ ሲሆን፣ መንሥኤውም ብዙ ጊዜ ከባትሪው ጋር ሲወዳደር ዋጋው እጅግ የሚያንስ ትንሽ የኩላንት (የማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ፓምፕ ነው። ከኋላ በዕቃ መጫኛው በኩል ያለው ተራው የ12 ቮልት ባትሪ ሲዳከምም እርስ በርሳቸው የማይገናኙ ማስጠንቀቂያዎች በአንድ ጊዜ ሊበሩ ይችላሉ። ስለዚህ ኮዱ ሳይነበብ «ባትሪ አስለውጥ» ለሚል መካኒክ ገንዘብ መስጠት ተገቢ አይደለም።

«የቶዮታ ሞተር አይሞትም።»

እንደ እኔ እምነት ብዙ ፕሪየስ ቪዎችን ያለጊዜያቸው ከሥራ የሚያወጣው ባትሪው ሳይሆን ይህ እምነት የሚፈጥረው ቸልተኝነት ነው። ባለ 1.8 ሊትሩ ሞተር፣ ከወጣው ጭስ ከፊሉን በኩላንት አቀዝቅዞ ወደ ሞተሩ የሚመልስ ኢጂአር የሚባል ሥርዓት አለው። ማቀዝቀዣው ከብዙ ማይል በኋላ በጥላሸት ይደፈናል፤ በአየር ማስገቢያው ላይ ወደ እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚሄዱት ቀጫጭን ቀዳዳዎችም እንዲሁ እኩል ባልሆነ መጠን ይዘጋሉ። ጭሱ ለሁሉም ሲሊንደር በእኩል ሳይደርስ ሲቀር አንዳንዱ ከሌላው ይልቅ ይግላል፤ መጨረሻው በቴስታታውና በሞተሩ መካከል ያለው፣ በተለምዶ ሄድ ጋስኬት የምንለው ዕቃ መሰንጠቅ ይሆናል።

ምልክቱ የሚታየው ማለዳ ነው። ሌሊቱን ቆሞ ያደረው መኪና ሲነሣ ሞተሩ ለጥቂት ሴኮንዶች በኃይል ይንቀጠቀጣል፣ ይንኳኳል፣ ከዚያም ምንም እንዳልሆነ ጸጥ ይላል። ከመኪናው ሥር የፈሰሰ ነገር አይታይም፤ የኩላንቱ መጠን ግን ቀስ በቀስ ይቀንሳል፤ ምክንያቱም ፈሳሹ ሌሊቱን ወደ ሲሊንደሩ ውስጥ ይንጠባጠባል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህ በደረሰበት ጊዜ መካኒኩ መጀመሪያ ካንዴላዎቹን፣ ቀጥሎ ኮይሎቹን ለወጠለት፤ መንቀጥቀጡ ግን አልቀረም። በመጨረሻ ሌላ ጋራዥ የኩላንቱን መሥመር በግፊት ሞልቶ አሳደረውና፣ ጠዋት ካንዴላዎቹን አውልቆ ቀጭን ካሜራ ሲያስገባ የአንደኛው ፒስተን ራስ ከሌሎቹ ተለይቶ ታጥቦ ያንጸባርቅ ነበር። ኩላንት የሚገባበት ሲሊንደር ጥላሸቱ በእንፋሎት ስለሚታጠብ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ሄድ ጋስኬት ማስለወጥ ብዙ ጊዜ ከ2,000 ዶላር በላይ ያስከፍላል፤ ሞተሩ ግሎ ቴስታታው ከተጣመመ ደግሞ ያገለገለ ሞተር መግዛት ሊመጣ ይችላል። ኢጂአሩን ከነማቀዝቀዣውና ከነአየር ማስገቢያው አውርዶ ማጽዳት ግን የጥቂት መቶ ዶላር ሥራ ነው። መኪናው 100,000 ማይል ገደማ ሲደርስ ይህንን ማሠራት፣ የሞተሩን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የውኃ ፓምፕም አብሮ ማስመርመር፣ ስለዚህ መኪና ልሰጥ ከምችለው ምክር ሁሉ የማስቀድመው ነው። ከዚህ ሌላ አንዳንዶቹ ሞተሮች ዘይት ይበላሉ፤ የዘይት ለውጡ በየ10,000 ማይል ነው ተብሎ ልኬቱን እስከዚያ ሳያዩ መቆየት ሞተሩን በደረቁ ማስኬድ ሊሆን ይችላል።

«ካምቢዮው ሲቪቲ ስለሆነ አይታመንም።»

ሲቪቲ ማለት ያለ ደረጃ ማርሽ የሚለዋውጥ ካምቢዮ ነው፤ ስሙ ግን ያሳስታል። በሌሎች መኪናዎች ላይ በሚያልቅ የብረት ቀበቶ የሚሠራው ሲቪቲ እዚህ የለም፤ ያለው ጥርሳቸው ሁልጊዜ የተያያዘ ማርሾችና ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። በጣም ጠንካራ ነው። ዘይቱን በየ60,000 ማይል መለወጥ አፍስሶ እንደ መሙላት ቀላል ስለሆነ አይታለፍ።

«ፍሬኑ ወጪ የለውም።»

ግማሹ እውነት ነው። መኪናው ሲቆም ፍጥነቱን ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚመልስ የፍሬን ሸራው ከ100,000 ማይል በላይ የሚቆይበት ጊዜ አለ። ነገር ግን ሸራው ስላላለቀ ለዓመታት ሳይከፈት የቀረ ፍሬን፣ በበረዶው ወቅት መንገዱ ላይ በሚረጨው ጨው ምክንያት ዝጎ ይጣበቃል። ከዚህ የከበደው የፍሬን ግፊት የሚፈጥረው ፓምፕ ያለበት ክፍል ነው፤ በዲለር ሲለወጥ ከ2,000 ዶላር ያልፋል። መኪናውን ለመግዛት የሚፈትሽ ሰው ሬዲዮውን አጥፍቶ ፍሬኑን ረግጦ ያዳምጥ፦ ፓምፑ በየጥቂት ሴኮንዱ እየተነሣ የሚያጉረመርም ከሆነ ግፊቱ የሚያመልጥበት ቦታ አለ ማለት ነው።

«የነዳጅ አጠቃቀሙ ከፕሪየስ እኩል ነው።»

አይደለም። የ2012 ሞዴሉ በመንግሥት ልኬት በአማካይ በጋሎን 42 ማይል ሲሄድ፣ የዚያው ዓመት መደበኛ ፕሪየስ 50 ይሄዳል። ሞተራቸው አንድ ቢሆንም ዋገኑ ይከብዳል፤ ከፍታውም ነፋስን ይገፋል።

«ትንሽ ማይል የሄደው ይሻላል፤ የሪኮሉም ነገር የቀድሞው ባለቤት ጉዳይ ነው።»

ሁለቱም ገዢን ያሳስታሉ። አጭር አጭር መንገድ ብቻ የተነዳ መኪና ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ ጥላሸት ያጠራቅማል፤ ለረጅም ጊዜ የቆመም ባትሪው ይጎዳል። 150,000 ማይል በአውራ ጎዳና ተነድቶ የጥገና ደረሰኝ ያለው መኪና፣ ወረቀት ከሌለው ባለ 80,000 ማይሉ ይልቅ ሊታመን ይችላል። ሪኮልን (አምራቹ ጉድለት ያለበትን መኪና ለጥገና የሚጠራበትን ጥሪ) በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2015፣ በ2018 እና በ2020 የተወሰኑ ዓመታት ፕሪየስ ቪዎች መንገድ ላይ ኃይል እንዳያጡ ተብለው ለጥገና ተጠርተዋል። ጥሪው የተያያዘው ከመኪናው የሻሲ ቁጥር ጋር ስለሆነ ባለቤቱ ቢቀየርም አይሰረዝም፤ ቁጥሩን በፌዴራሉ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማየት ነጻ ነው፤ ያልተሠራ ጥሪ ከተገኘም ዲለሩ ያለ ክፍያ ይሠራዋል።